እንቁላል ካላንደር አታነብም!

የአራዳ ልጅ ነቄ ነው ይባላል። ወርቅ ዛሬ በስንት እንደዋለ፣ የትኛው ቤት ማኪያቶ እንደሚጣፍጥ፣ የትኛው ታክሲ በየት በኩል ሰብሮ እንደሚወጣ ጠይቁት፤ ሳያስጨርሳችሁ ይነግራችኋል። አንድ ጥያቄ ግን አለች፤ ነቄውን ሁሉ ፋራ የምታደርግ። «የሴት እንቁላል የምትወጣው መቼ ነው?» በሉት። ደረቱን ነፍቶ «በአስራ አራተኛው ቀን!» ይላችኋል። ከዚያስ? ከዚያማ የጣት ቆጠራ ነው። ጣት ካነሰ ደግሞ የስልክ ካላንደር አለ።

ይኸውላችሁ፣ በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ቅናትና ስለ መለያየት ስንጨዋወት ከርመናል። ዛሬ ወደ ሳይንስ ጎራ የምለው አንዲት እህታችን በላከችልኝ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ አደራ ብላለች። ደብዳቤዋ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሰራለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ከሆንን አንድ ዓመት አልፎናል። ቀን እየቆጠርን ነው የምንጠነቀቀው። ቆጠራው ሲያሳስበን ፖስት ፒል እወስዳለሁ። ባለፉት ሁለት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወስጃለሁ። የመጨረሻውን የወሰድኩት ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከዚያ ‹ይሄ ወር በቃ ተዘግቷል› ብለን ሳምንቱን ሙሉ ሳንጠነቀቅ ቀረን። አሁን የወር አበባዬ ከቀኑ አስራ አንድ ቀን አልፏል። አርግዤ ነው? ወይስ ኪኒኑ ማህፀኔን አበላሽቶት ነው? መካን ያደርጋል የሚሉ አሉ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለእናቴ መንገር አልችልም።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ከአስራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ቢኖር «ይህን ዓምድ እስኪወጣ እንዳትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ፋርማሲ ሄደሽ የሽንት ምርመራውን ግዢ» ብሎ መመለስ ነው። ቀጥሎ ጥያቄዋን ይዤ አንድ የማውቃቸው ፋርማሲስትና አንዲት ነርስ ዘንድ ሄድኩ፤ መጽሐፍም አገላበጥኩ። የምርመራዋን ውጤት ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። መልሱ እንዲገባን ግን በቅድሚያ ከእንቁላሏ ጋር እንተዋወቅ።

እንቁላሏ ማን ናት?

አማርኛችን ለዶሮዋም ለሴቷም የሰጠው አንድ ቃል ነው፤ እንቁላል። ዶሮ ማነቂያ ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ስሙ ብቻ ቢቀርም፣ እንቁላል ሲባል ዛሬም ለብዙዎቻችን የሚታየን ቅርፊት ያላት፣ አስኳል የያዘችው የዶሮ እንቁላል ናት። የሴቷ እንቁላል ሌላ ናት። ስፋቷ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ያህል ብቻ ነው። ስክሪብቶ ወረቀት ላይ ነካ አድርጋችሁ ከምታስቀምጧት ነጥብ ታንሳለች። ያም ሆኖ በሰው አካል ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ሁሉ በግዝፈት እሷን የሚያክል የለም።

ከትንሽነቷ የተነሳ የሰው ልጅ ሳያያት ለብዙ ዘመን ኖሯል። የአጥቢ እንስሳን እንቁላል ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ የመሰከረው ካርል ኤርንስት ፎን ቤር የተባለ ሳይንቲስት ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1827 ሲሆን ያያትም በውሻ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ። ወንድ ከጎረመሰ ጀምሮ በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ዘር ያመርታል። ሴት ግን እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። ገና የአምስት ወር ጽንስ ሳለች ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ይሆናሉ። ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይቀራሉ። የወር አበባ ማየት በምትጀምርበት ዕድሜ ሦስትና አራት መቶ ሺህ ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት አራት ወይም አምስት መቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት እዚያው ይከስማሉ።

ይህ ማለት ምን እንደሆነ ልብ ብላችኋል? እናንተ የተፈጠራችሁባት እንቁላል እናታችሁ ገና በአያታችሁ ማህፀን ሳለች ተሰርታ ተቀምጣ ነበር ማለት ነው። ደብዳቤ የጻፈችልኝ እህታችንም ባለፈው ወር የወጣችው እንቁላሏ ከሃያ ሦስት ዓመት በላይ ስትጠብቅ የኖረች ናት። ይህን ያህል ዘመን የተኛችን እንቁላል የሚቀሰቅሳት ማን ነው? ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አለቃው ራስ ቅል ውስጥ ነው

እንቁላሎቹ የሚኖሩት ሐኪሞች ኦቫሪ በሚሏቸው፣ ከማህፀን ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። እያንዳንዷ እንቁላል ፎሊክል የሚባል የራሷ ትንሽ ከረጢት አላት። ከረጢቷ ከእንቅልፏ ተነስታ ለመብሰል ወራት ይፈጅባታል። የመጀመሪያውን መንገድ ያለ ብዙ ትዕዛዝ ትጓዘዋለች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ያለ ሆርሞን አይሆኑም።

ሆርሞን ማለት አንዱ የሰውነት ክፍል ለሌላው በደም በኩል የሚልከው መልዕክት ነው። የዚህ ሁሉ አለቃ የሚገኘው አንጎል ስር ነው። ሃይፖታላመስ ይሉታል። እሱ ከስሩ ላለችው፣ የሽምብራ ፍሬ ለምታክለው ፒቱታሪ ዕጢ በየአንድ ሰዓቱ ወይም በየአንድ ሰዓት ተኩሉ መልዕክቱን እንደ ልብ ትርታ ቱክ፣ ቱክ እያደረገ ይልካል። ትርታው ራሱ ቋንቋ ነው። መልዕክቱ ሳያቋርጥ ቢፈስማ ፒቱታሪ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

ፒቱታሪ ትዕዛዙን ስትሰማ ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ትለቃለች፤ ኤፍ.ኤስ.ኤች. እና ኤል.ኤች. የሚባሉትን። ኤፍ.ኤስ.ኤች. የከረጢቶቹ ቀለብ ነው በሉት። የወር አበባ በሚመጣበት ሰሞን ከፍ ይልና ተራ የደረሳቸውን በርከት ያሉ ከረጢቶች ማሳደግ ይጀምራል። እነሱም እያደጉ ሲሄዱ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ያመርታሉ። ኢስትሮጅኑ በደም ተመልሶ ወደ አንጎል ይወጣና «ደርሶናል፣ ቀለቡን ቀንስ» ይላል። አንጎል ይሰማል፤ ኤፍ.ኤስ.ኤች. ይቀንሳል።

እንግዲህ መሶቡ ላይ ያለው ሲያንስ ማን ይጠግባል? ቀድማ ያደገችው፣ ብዙ አፍ ያላትና የራሷን የደም ስር የሳበችው አንዷ ከረጢት በትንሹም ትኖራለች። የቀሩት ተርበው ይከስማሉ። ሴት ብዙውን ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ የምትወልድበት ዋናው ሚስጥር ይህ ነው።

ፊሽካው ሲነፋ

አሸናፊዋ ከረጢት ብቻዋን ስትቀር ኢስትሮጅኑን ታጥለቀልቀዋለች። ከፍ እንዳለ ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ አንጎል ፀባዩን ይለውጣል። እስካሁን «ቀንሱ» ሲል የነበረው «ልቀቁ!» ይላል። ፒቱታሪ ያጠራቀመችውን ኤል.ኤች. በአንድ ጊዜ ትለቀዋለች። ይህ ነው ፊሽካው። ፊሽካው ከተነፋ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ከረጢቷ ትፈነዳና እንቁላሏ ትወጣለች። በዚሁ ሰዓት እንቁላሏ እናቷ ማህፀን ሳለች ጀምራ ያቋረጠችውን ክፍፍል ትቀጥልና ከአርባ ስድስቱ ክሮሞዞሞች ግማሹን፣ ሃያ ሦስቱን ብቻ ትይዛለች። የቀረውን ሃያ ሦስት ከወንዱ ትጠብቃለች።

የምትጠብቀው ታዲያ ለአንድ ቀን ቢሆን ነው። ከ12 እስከ 24 ሰዓት። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ሰኞ የነበረ ግንኙነት ዓርብ ለምትወጣ እንቁላል ይደርሳል ማለት ነው።

የፈነዳችው ከረጢት ባዶዋን አትቀመጥም። ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን እያመረተች ማህፀኑን ለእንግዳ ታነጥፋለች። እንግዳ ካልመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ትከስማለች፤ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ የወር አበባ ይመጣል። እንግዳው ከመጣ ደግሞ ጽንሱ የራሱን ሆርሞን እየላከ እንዳትከስም ይይዛታል። ከፋርማሲ የምትገዙት የእርግዝና መመርመሪያ በሽንት ውስጥ የሚፈልገው ያንን የጽንሱን ሆርሞን ነው።

አሁን ወደዚያች «አስራ አራተኛ ቀን» እንመለስ። እንቁላል ከወጣች በኋላ የወር አበባ እስኪመጣ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ብዙ አይለዋወጥም፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የሚለዋወጠው ከእሱ በፊት ያለው፣ ከረጢቷ የምታድግበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዙሯ 28 ቀን ለሆነች ሴት እንቁላል በ14ኛው ቀን አካባቢ ትወጣለች። ዙሯ 35 ቀን ከሆነ በ21ኛው ቀን አካባቢ። 24 ቀን ከሆነ በ10ኛው። ዙሯ አንድ ወር 27፣ ሌላ ወር 36 ለሚሆንባት ሴት ደግሞ ቀኑን የምታውቀው ካለፈ በኋላ ነው። የስልኩ ቀን ቆጣሪም ቢሆን ያለፉትን ወራት ደምሮ አካፍሎ ይገምታል እንጂ ከኦቫሪ ጋር የሚነጋገርበት መስመር የለውም።

ብርቱ ጭንቀት፣ ሕመም፣ ቶሎ የመጣ ክሳት፣ ከአቅም በላይ የሆነ ስፖርት የአንጎሉን ትርታ ያቀዘቅዙታል። ትርታው ሲቀዘቅዝ ፊሽካው ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጭራሹን ይቀራል። የፈተና ሰሞን ወይም የሐዘን ሰሞን የወር አበባ ጠፍቶባችሁ ያውቅ ይሆናል፤ ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ካላንደሩ ይህን ሁሉ የት አውቆት!

ላሟና ድመቷ ምን ይላሉ?

እነዚህ ሆርሞኖች የሴት ልጅ ብቻ አይደሉም። ላሚቱም፣ በጊቱም፣ ድመቲቱም አሏቸው። ልዩነቱ ፊሽካውን የሚያስነፋው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

ላም እንደ ሴት ልጅ በራሷ ዙር ትሄዳለች፤ በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። ገበሬው በመጮኋና በመቅበጥበጧ ያውቅባታል። በየክልሉ ላም የሚያዳቅሉ የእንስሳት ባለሙያዎች ደግሞ የሆርሞን መርፌ እየወጉ ብዙ ላሞችን በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ ማድረግ ይችላሉ። መርፌው የቆየችውን ፕሮጄስትሮን አምራች ከረጢት ያከስማታል፤ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ አዲስ እንቁላል ትበስላለች። ይኸው የላሟም ቀን የሚመጣው በሆርሞን ነው።

ድመት፣ ጥንቸልና ግመል ግን ሌላ ሥርዓት አላቸው። እነሱ እንቁላላቸውን አብስለው ይጠብቁና ፊሽካው የሚነፋው ከወንድ ጋር ሲገናኙ ነው። ግንኙነቱ ራሱ ለአንጎል ምልክት ሆኖ ኤል.ኤች.ን ያስለቅቃል። ድመት አንዴ ወጣ ብላ ግልገል ይዛ የምትመለሰው ለዚህ ነው። የሰው ልጅ እንደ ላሟ በራሱ ዙር ይሄዳል፤ ግን እንደ ላሟ ጮሆ አይናገርም። እንቁላሏ ስትወጣ ብዙ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም። ቆጠራችንን ቁማር የሚያደርገውም ይኸው ዝምታ ነው።

ፖስት ፒል ምኑን ነው የሚይዘው?

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ። የማውቃቸው ፋርማሲስት ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ማን እንደሚመጣባቸው በሳቅ ነው የሚነግሩኝ። ወንዱ ልጅ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ያቺን... ያቺን ኪኒን» ይላል። ልጅቷ ከመጣች ደግሞ ዝም ብላ በጣቷ ታሳያለች። «እህቴ፣ የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር? መቼስ ነው የተገናኛችሁት?» ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ብሩን ጥላ ትሮጣለች። ጥያቄው ግን ለወሬ አልነበረም።

በፖስት ፒል ውስጥ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል ይባላል። ሰው የሰራው የፕሮጄስትሮን ዘመድ ነው። ስራውም አንድ ነው፤ ፊሽካው ሳይነፋ ከደረሰ አንጎልን «ቆይ» ይለዋል። ኤል.ኤች. አይለቀቅም፤ እንቁላሏ በከረጢቷ ውስጥ ትቆያለች፤ ሲጠብቅ የነበረው የወንድ ዘር ጊዜው ያልፍበታል። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ከደረሰ ግን የሚመልሰው ነገር የለም። ለዚህ ነው «በ72 ሰዓት ውስጥ» ቢባልም በመጀመሪያው ቀን የተወሰደው ከሦስተኛው ቀን የሚሻለው። እያንዳንዷ ሰዓት ከፊሽካው ጋር ሩጫ ናት።

ከዚህ ሦስት ነገር እንረዳለን።

አንደኛ፣ ኪኒኑ ጽንስ አያስወርድም። እርግዝና ከተፈጠረ በኋላ ቢወሰድ አያቋርጠውም።

ሁለተኛ፣ መካን አያደርግም። የአንድ ዙር ፊሽካ ያዘገያል እንጂ ኦቫሪ ውስጥ ያሉትን እንቁላሎች አይነካም። ማህፀንንም አያበላሽም። ደጋግሞ መውሰድ ግን ዙሩን ያዘባርቃል፤ የወር አበባ ሲመጣ ሲቀር ግራ ያጋባል፤ በየቀኑ ከሚወሰደው ኪኒን ወይም ከሌሎቹ መከላከያዎች ጋር ሲነጻጸርም ያስተማምናል አይባልም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኪኒኑ እንቁላሏን አይገድላትም፤ ያዘገያታል። የዘገየች እንቁላል ደግሞ ትመጣለች። «ይሄ ወር ተዘግቷል» ብላችሁ በማግስቱ፣ በሳልስቱ ሳትጠነቀቁ ብትገናኙ ያቺ የዘገየችው እንቁላል የሳምንቱን ዘር ልታገኘው ትችላለች። ኪኒኑ የሚሰራው ላለፈው ሌሊት ነው። ለነገ የሚተርፍ የለውም።

እህታችን ላይ የደረሰውም እንዲህ ይመስላል። ቅዳሜ ጠዋት የወሰደችው ኪኒን ፊሽካውን ቀድሞ ሳይደርስበት አልቀረም፤ እንቁላሏ በቀናት ዘገየች። እንቁላል ስትዘገይ የወር አበባም አብሮ ይዘገያል፤ ሁለት ሳምንቱ የሚቆጠረው እንቁላል ከወጣችበት ቀን ነውና። ምርመራውን አደረገች፤ እርግዝና የለም። ከመጨረሻው ግንኙነታቸው ሦስት ሳምንት አልፎ ስለነበር ነርሷ ውጤቱ የሚታመን ነው አለችን። በአምስተኛው ቀን የወር አበባዋ መጣ። «እፎይ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ላከችልኝ። እኔም እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ግን እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፤ በዚያ ሳምንት እህታችንን የጠበቃት ኪኒኑ ሳይሆን ዕድሏ ነው። ዕድል ደግሞ በየወሩ አይደገምም።

እሪ በከንቱ

«መካን ልሆን ነው» የሚለው ፍርሃት እንቅልፍ የሚነሳው የእሷን ብቻ አይደለም። ስለዚህ እንቁላል እምቢ ስትልስ ምን ይሆናል የሚለውንም ጥቂት እንየው።

ዕድሜ ሲገፋ፣ ሃምሳ ዓመት አካባቢ፣ በኦቫሪ ውስጥ የቀሩት ከረጢቶች ያልቃሉ። አንጎል ግን ማለቃቸውን አያውቅም። ኢስትሮጅን «ደርሶናል» ብሎ ስለማይመልስለት ቀለቡን፣ ኤፍ.ኤስ.ኤች.ን ከቀድሞው አብልጦ ይልካል። የፒያሳ ልጆች እሪ በከንቱን እናውቃታለን አይደል? በቃ አንጎልም እሪ በከንቱ ነው፤ ይጮሃል፣ የሚሰማው የለም። ጩኸቱም በሽንት ይወጣል።

ይህን ያስተዋሉ የጣሊያን ሳይንቲስቶች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዕድሜያቸው የገፋ መነኮሳይያትን ሽንት ከየገዳሙ ሰበሰቡ! ከሽንቱ ሆርሞኑን አጣርተው መድኃኒት አደረጉት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እንቁላል አልበስል ያላት ሴት በዚህ መርፌ ወልዳለች። ልጅ ያልወለዱ እናቶች ሽንት ለሌላዋ ልጅ ሆነ፤ ጉድ ነው መቼም። ዛሬ ሆርሞኑ በአብዛኛው በላቦራቶሪ ይሰራል።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 በእንግሊዝ አገር ሉዊዝ ብራውን ተወለደች፤ ከማህፀን ውጭ ተጸንሳ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሰው። ለዚህ ስራ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በእኛም አገር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። እዚያ ለሚደረገው ከማህፀን ውጭ ለሚጸነስ ጽንስ ሐኪሞች የሚጠቀሙት ዘዴ ከላይ ያየነው ነው። በመርፌ ኤፍ.ኤስ.ኤች. ሰጥተው መሶቡን ይሞሉታል፤ የሚራብ ስለማይኖር ብዙ ከረጢቶች አብረው ይበስላሉ። ከዚያ ፊሽካውን ራሳቸው በመርፌ ይነፉና ከመፈንዳታቸው በፊት እንቁላሎቹን ያወጧቸዋል።

ወደዚያ ሳይደረስ በቀላሉ የሚታከምም ብዙ ነው። ለምሳሌ የወር አበባቸው በሁለትና በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ፣ አገጫቸው ላይ ፀጉር የሚወጣባቸው፣ ብጉር የማይለቃቸው ወጣት ሴቶች አሉ። ሴቶቹ ያፍራሉ፤ አንዳንዱ ሰው «ወንዳወንድ» ይላቸዋል። ይህ የብዙ ሴቶች ችግር ነው፤ ከአስር አንዷን ያህል ይነካል። ከረጢቶቻቸው ግማሽ መንገድ ላይ ስለሚቆሙ ፊሽካው በየወሩ አይነፋም። እንቁላል አላቸው፤ ሕክምናም አለው። የእንቅርት ዕጢ መዛባትም እንዲህ ዙሩን ያናጋል። ስለዚህ ሦስት ወር የወር አበባ የጠፋባት ሴት ጠበል ብትሄድ ማንም አይከለክላትም፤ ሐኪም ዘንድም ትሂድ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቀን መቁጠር የሚያዋጣው ዙሯ ሰዓት ለሆነላት፣ ከባለሙያ ተምራ ለምትከታተልና ጓደኛዋም እሺ ለሚላት ሴት ነው። ለቀሪዎቻችን ሌላ መላ አለ። በየቀኑ የሚወሰደው ኪኒን፣ በሦስት ወር አንዴ የሚወጋው መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ሁሉም የሚሰሩት በእነዚሁ ሆርሞኖች ነው። ዋናው ስራቸው ፊሽካውን መያዝ፣ የማህፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ ማወፈር ነው። መርፌው ከቆመ በኋላ እንቁላል ወደ ዙሯ ለመመለስ ወራት ሊፈጅባት ይችላል፤ ሌሎቹ ቶሎ ይለቃሉ። ከመዳብ የሚሰራው ሉፕ እንቁላሏን ሳይነካ የወንዱን ዘር ይከላከላል፤ ከግንኙነት በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ ከገባም ከፖስት ፒል ይልቅ ያስተማምናል። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዚህ ስራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማህበር ክሊኒክ ይነግሯችኋል። ኤች.አይ.ቪ.ንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን የሚከላከለው ከእነዚህ ሁሉ ኮንዶም ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ፖስት ፒል የግድ ካስፈለገ ዛሬውኑ ውሰጂ፤ ነገ አትበዪ። የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ንገሪ፤ አንዳንዶቹ የኪኒኑን ኃይል ይቀንሱታል። ከወሰድሽ በኋላ የወር አበባሽ እስኪመጣ ተጠንቀቂ። ከቀኑ ከሳምንት በላይ ካለፈ ተመርመሪ። እንቅልፍ አጥቶ ከመገላበጥ የአምስት ደቂቃ ምርመራ ይሻላል።

ወንዶች ሆይ፣ እናንተም ስሙ። ፋርማሲ በር ላይ ኮፍያ ዝቅ ማድረግ ብቻ ተሳትፎ አይባልም። «ቆጥረሻል?» ከማለት «ምን እንጠቀም?» ማለት ይሻላል፤ ጤና ጣቢያም አብሮ መሄድ። የፋርማሲስቱን ጥያቄ ደግሞ ቆማችሁ መልሱ፤ የሚጠይቋችሁ እንቁላሏ የት እንደደረሰች ለመገመት ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ። ስም አልጠቅስም።